ግድግዳ ላይ የተጻፈ ለቅሶ

በሞስኮ ከተማ አርባት የሚባል የታወቀ የእግረኛ መንገድ አለ። ከዚህ መንገድ አንድ ጠባብ መንገድ ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ ያለው ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ተጽፎበታል። የጻፈው አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ እጅ ነው። ተደጋግሞ የሚነበበው ግን አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጾይ ሕያው ነው።»

ለመሆኑ ጾይ ማነው? ጾይ እኮ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ሰዎቹ ለምን ሕያው ነው ይላሉ? እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው።

ከሰል የሚያነደው ዘፋኝ

ቪክቶር ጾይ ሰኔ 14 ቀን 1954 ዓ.ም. በሌኒንግራድ ተወለደ። ሌኒንግራድ ያን ጊዜ ከሞስኮ ቀጥላ የሶቪየት ኅብረት ትልቅ ከተማ ነበረች። ዛሬ ስሟ ሴንት ፒተርስበርግ ነው፤ አገሩም ሩሲያ ይባላል። በ1970ዎቹ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በዚያች ከተማ ተምረዋል።

የጾይ አባት ከኮሪያ ዘር የመጣ መሐንዲስ ነበር። እናቱ ሩሲያዊት የስፖርት አስተማሪ ነበረች። ልጁ በሙያ ትምህርት ቤት እንጨት መቅረጽ ተማረ። ልቡ ግን ጊታሩ ላይ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር «ኪኖ» የተባለ የሮክ ቡድን አቋቋመ። ኪኖ ማለት ሲኒማ ማለት ነው። ሮክ ደግሞ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ የሚጫወቱት፣ ጠንከር ያለ ሙዚቃ ነው።

ሙዚቃው ግን እንጀራ አልሆነውም። ስለዚህ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ማሞቂያ ቤት ተቀጥሮ ሠራ። የሌኒንግራድ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ቤቶቹ የሚሞቁት በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። ውሃውን የሚያሞቅ ትልቅ ምድጃ አለ። ምድጃው ውስጥ የድንጋይ ከሰል በአካፋ የሚጨምር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ጾይ ነበር። ዛሬ ማሞቂያ ቤቱ የእሱ መታሰቢያ ሆኗል፤ ሙዚቃም ይቀርብበታል።

ከእጅ ወደ እጅ

በዚያ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ሸክላ የሚያሳትመው የመንግሥት ድርጅት ነበር። ብዙ የሮክ ቡድኖች በዚያ በር አልገቡም። ታዲያ ዘፈናቸው እንዴት ተሰማ? ሰው ለሰው እየቀዳ ነዋ!

የኪኖ የመጀመሪያ አልበም «45» ይባላል። በ1974 ዓ.ም. ነው የወጣው። አንዱ ከጓደኛው ቴፕ ይቀዳል፤ ከእሱ ደግሞ ሌላው ይቀዳል። ቅጂ ከቅጂ ሲቀዳ ድምፁ ይሻክራል፤ ይደክማልም። ደግሞም ለመቅዳት እስከ መጨረሻው ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቢሆንም አዳማጩ አልታከተም። ዘፈኖቹ ስለ ሌሊት፣ ስለ ከተማ፣ ስለ መጠበቅና ስለ ለውጥ ነበሩ። ወጣቱ የራሱን ኑሮ ሰማባቸው።

በ1980 ዓ.ም. «የደም ዓይነት» የተባለው አልበም ሲወጣ የጾይ ስም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ሰኔ 17 ቀን 1982 ዓ.ም. በሞስኮ ሉዥኒኪ ስታዲየም ዘፈነ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው መጣ። የመጨረሻው ትልቅ ዝግጅቱ መሆኑን ያን ቀን ማንም አላወቀም።

መርዶው

ነሐሴ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ጾይ በላትቪያ ዓሣ አጥምዶ ይመለስ ነበር። መኪናውን የሚነዳው ብቻውን ነበር። መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጨ፤ እሱም ወዲያው ሞተ። መርማሪዎቹ መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት ነው አሉ። ዕድሜው 28 ዓመት ብቻ ነበር።

ነሐሴ 13 ቀን በሌኒንግራድ ሲቀበር በሺህ የሚቆጠር ሰው ተከተለው። አንዳንድ ወጣቶች መቃብሩ አጠገብ ድንኳን ተክለው ሰነበቱ። በሞስኮ ደግሞ አንድ ሰው አርባት ያለው ግድግዳ ላይ «ዛሬ ቪክቶር ጾይ ሞተ» ብሎ ጻፈ ይባላል። ሌላው ከሥሩ መልስ ጻፈ፦ «ጾይ ሕያው ነው።»

ነገሩን እናስበው። ሟቹ ዘመዳቸው አይደለም። ለቅሶ የሚደርሱበት ቤት የላቸውም። የሚያጽናኑትም፣ የሚያጽናናቸውም አያውቁም። ሐዘኑ ግን የእውነት ነው። ስለዚህ ግድግዳው ለቅሶ ቤት ሆነላቸው። አበባ ያስቀምጣሉ፤ ይጽፋሉ፤ ጊታር ይዘው ዘፈኖቹን አብረው ያዜማሉ። ያኔ ወጣት የነበሩት ዛሬ ሽበት አውጥተዋል። እነሱ ካሴቱን የሰጣቸውን ጓደኛ ያስታውሳሉ። ልጆቻቸው ደግሞ ዘፈኑን ከአባት ከእናታቸው ሰሙ።

የቡድኑ ጓደኞችም በዚያው በጋ የተቀዳ ድምፁን ይዘው ሥራውን ጨረሱ። የመጨረሻው አልበም በ1983 ዓ.ም. ለሕዝብ ደረሰ። ሽፋኑ ጥቁር ስለ ነበር «ጥቁር አልበም» ተባለ።

ሕያው ማለት ምንድነው?

ይህን የምንጽፍላችሁ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ጾይ ሲሞት አልተወለድንም ነበር። ቋንቋውንም አንችልም። ሆኖም ድምፁን ስንሰማ ቶሎ አናጠፋውም።

ሰዎቹ ሞቱን ክደው አይደለም። መቃብሩን ያውቁታል። የሞተ አይመለስም፤ 28 ዓመቱም 29 አይሆንም። ነገር ግን ጾይን በሕይወቱ ያሰማው የአዳማጩ እጅ ነበር። ያ እጅ ካሴት ይቀዳ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ግድግዳ ላይ ጻፈ። ከሞቱ ከ16 ዓመት ገደማ በኋላ ግድግዳው በቀለም ተቀብቶ ጽሑፉ ሁሉ ጠፋ። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ተመልሰው መጡና እንደገና ጻፉ።

መታሰቢያ በራሱ አይቆይም። የሚቀዳ፣ የሚዘፍን፣ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። እናንተስ ድምፁን የምትናፍቁት የሞተ ዘፋኝ አለ? መጀመሪያ የሰማችሁት የት ነበር? ያሰማችሁስ ማን ነበር? እስቲ በሦስት መስመር ጻፉትና ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። እሱም የራሱን ይነግራችኋል።