ፊትዎ ስለ ጥርስዎ አገጣጠም ምን ይናገራል?

መስታወት ፊት ቆመው «ፊቴ ረዝሟል»፣ «አገጬ ወደ ኋላ ገብቷል» ብለው ያውቃሉ? የፊትን ቅርጽ ከሚወስኑት ነገሮች መካከል የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ አጥንቶች ዋነኞቹ ናቸው። ጥርሶቻችን የበቀሉትም በእነዚሁ አጥንቶች ላይ በመሆኑ የፊት ቅርጽና የጥርስ አገጣጠም ዝምድና አላቸው።

ዝምድናው ይበልጥ የሚታየው ፊትን ከጎን ሲመለከቱ ነው። የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ የወጡ ይመስላሉ። ወደ ፊት ከገፋ ደግሞ የታችኞቹ ጥርሶች ከላይኞቹ ቀድመው ይቆማሉ። ረዘም ያለ ፊት ባላቸው አንዳንድ ሰዎች የኋላ ጥርሶች ሲገጥሙ የፊቶቹ ሳይነካኩ ይቀራሉ፤ አጠር ባለ ፊት ላይ ደግሞ የላይኞቹ ጥርሶች የታችኞቹን ከልክ በላይ ሊሸፍኑ ይችላሉ።

ይህ ግን ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም። ጥርሶች ዘንበል ብለው በመብቀል የመንጋጋን ልዩነት ሊደብቁ ይችላሉ። ስለዚህ ፊትዎን ብቻ አይተው አይደምድሙ።

ቀጥ ብለው ተቀምጠው ምራቅዎን ይዋጡ፤ የኋላ ጥርሶችዎን ያጋጥሙና ከንፈርዎን ገለጥ ያድርጉ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኞቹን በጥቂቱ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሸፍኑ ጤናማ ነው። የታችኞቹ ላንቃዎን የሚነኩ፣ መንጋጋዎ ወደ ጎን የሚሸሽ፣ ምግብ በፊት ጥርስ መቁረጥ የሚያቅትዎ ወይም ጥርስዎ ያለ ልክ የሚፋቅ ከሆነ የጥርስ ሐኪም ያማክሩ።

ወጣቶች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የመንጋጋ እድገት በአብዛኛው ከጉርምስና ማብቂያ ጋር ይገታል። ከዚያ በኋላ ማስቲካ በማኘክ ወይም ምላስን ከላንቃ ጋር በመጫን የመንጋጋ አጥንት ቅርጽ እንደሚለወጥ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነገረው አስተማማኝ ማስረጃ የለውም። ማስቲካ ማብዛት እንዲያውም የመንጋጋ መገጣጠሚያን ሊያሳምም ይችላል።

የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ (ብሬስ) ግን ድድና አጥንት ጤናማ እስከሆኑ ድረስ ለአዋቂም ይሠራል። ሽቦው የሚያንቀሳቅሰው ጥርስን ነው፤ የመንጋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ሊታከልበት ይችላል። የትኛው እንደሚያስፈልግዎ የሚታወቀው በምርመራና በራጅ በመሆኑ ለመልክ ብለው ብቻ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሽቦ እንዲያስርልዎ አይፍቀዱ።