ከቶኪዮ በኋላ፣ ከቤጂንግ በፊት

ዮሚፍ ቀጀልቻ ቶኪዮ ላይ ወርቁን ያጣው በሰከንድ 6 መቶኛ ነው። መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ በእኛ አገር ሰዓት ከሰዓት በኋላ፣ በዓለም ሻምፒዮናው የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲዬ በ28 ደቂቃ ከ55.77 ሰከንድ ገባ። የእኛው ልጅ በ28 ደቂቃ ከ55.83 ተከተለው። በዚያ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው በ6 መቶኛ ሰከንድ የሚሄደው ግማሽ ሜትር አይሞላም። በዋዜማው ጉዳፍ ፀጋይ በሴቶቹ 10 ሺህ ነሐስ አግኝታ ነበር። ትዕግሥት አሰፋ በማራቶን በ2 ሰከንድ ተቀድማ ብር ወሰደች፤ ሲምቦ ዓለማየሁ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ ጨመረች። በቃ፣ ይኸው ነው። 2 ብር፣ 2 ነሐስ። ከዚህ በፊት ከዓለም ሻምፒዮና ያለ ወርቅ የተመለስነው በ1991 ሲሆን፣ ያኔም ውድድሩ ቶኪዮ ነበር። (የውድድር ዓመታቱን በተለመዱበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።)

አሁን ኅዳር ነው። አሰላ ዙሪያ ገብሱ እየታጨደ ነው፤ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ እስከ ሳጉሬ ድረስ ማሳው ቢጫ ለብሷል። ትልልቆቹ የመም ውድድሮች ተዘግተዋል። ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት የእንግሊዝ ክለብ ደጋፊዎች በጥር ማን ይፈርማል፣ ማን ይሸጣል እያሉ ይከራከራሉ። አሜሪካም ውስጥ የቤዝቦል ወዳጆች ጨዋታ በሌለባቸው ወራት ቡድናቸው ማንን እንደሚያስፈርም ሲገምቱ ይከርማሉ አሉ። የእኔ ቡድን ግን ማንንም አይገዛም። የእኔ ቡድን የኢትዮጵያ የ10 ሺህ ሜትር ቡድን ነው። አንድ አገር በአንድ ርቀት ሦስት ሰው ያሰልፋል፤ በዓለም ሻምፒዮና ያለፈውን ያሸነፈ ሯጭ ካለው አንድ ይጨመርለታል። የሚመጣውን ተስፋ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚሁ ደጃፉ ላይ ማደጉን መጠበቅ አለበት። አሰላ የምትኖር የሒሳብ አስተማሪ ከሆንክ ደግሞ በመጠበቁ መካከል ታሰላለህ።

ያሰላሁትን ልንገራችሁ። ከባርሴሎና 1992 እስከ ለንደን 2012 ባሉት ስድስት ኦሊምፒኮች በወንድና በሴት 12 የ10 ሺህ ሜትር ወርቆች ተሰጥተዋል። ከ12ቱ 8ቱን የወሰዱት አርሲ የወለደቻቸው አራት ሰዎች ናቸው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እና በ2000፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1996 እና በ2000፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እና በ2008፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 እና በ2012። ከአራቱ ሦስቱ የበቆጂ ልጆች ናቸው። በቤጂንግ 2008 ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው 4 ወርቆች በሙሉ የቀነኒሳና የጥሩነሽ ነበሩ፤ ሁለቱም 5 ሺህንና 10 ሺህን ደርበው አሸንፈዋል። ከለንደን ወዲህ አልማዝ አያና በሪዮ፣ ሰለሞን ባረጋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቁን አምጥተዋል። ከቤኒሻንጉል ይምጡ ከጉራጌ፣ ደስታዬ አንድ ነው፤ ማልያው አንድ ነውና። በዓለም ሻምፒዮና ግን የወንዶቹን 10 ሺህ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፍነው በ2011 ዴጉ ላይ፣ በኢብራሂም ጄይላን ነው። ያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን አሁን ሁለተኛ ደረጃ ሊገባ ደርሷል።

ችግሩ የፍጥነት ነው የሚሉ አሉ፤ ልጆቻችን በመጨረሻው መቶ ሜትር ይቀደማሉ ይላሉ። ቁጥሮቹ የሚሉት ሌላ ነው። የዘንድሮው የቶኪዮ ሰዓት ለ25 ዙር ሲካፈል አንዱ ዙር 69.4 ሰከንድ ይሆናል። ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ ያሸነፈበት 27 ደቂቃ ከ1.17 ሰከንድ ሲካፈል 64.8 ነው። በየዙሩ ከአራት ሰከንድ ተኩል በላይ ልዩነት አለ። የቶኪዮ ሙቀትና ወበቅ ከባድ እንደነበር አውቃለሁ፤ ነሐሴ ላይ ቤጂንግም ብርድ አልነበረም። ሩጫው ሲቀዘቅዝ የሚጠቀመው ማን ነው? ጉልበቱን ቆጥቦ እስከ መጨረሻው የሚጓዝ፣ በአጭር ርቀት የሰለጠነ ሯጭ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በመጨረሻው ዙር ከጎንህ ካገኘኸው የሚለያችሁ የደረት ስፋት ነው። አንዳንዴ ዕድሉ ለእኛ ይሆናል፤ ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ለሌላው ይሆናል፤ ፓሪስ 2024 ላይ በሪሁ አረጋዊ ከጆሹዋ ቼፕቴጌ ኋላ በ30 መቶኛ ገባ፤ ቶኪዮ ላይ ዮሚፍ በ6 መቶኛ። የአንድ አገር ተስፋ በየጊዜው በመቶኛ ሰከንድ ላይ እንዲንጠለጠል አልፈልግም።

የድሮው ቡድን ሩጫውን ለመጨረሻው ዙር አይተወውም ነበር። ሦስቱ ተነጋግረው ይገቡና ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ አንዱ ለአንዱ እየተቀባበሉ ዙሩን ያከሩታል፤ አጫጭር ርቀት የለመደው ሰው ስምንተኛው ሺህ ሜትር ላይ ሲደርስ እግሩ ይታሰራል። ይህ «አረንጓዴው ጎርፍ» ተባለ። ፓሪስ 2003 ላይ ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ስህን ከአንድ እስከ ሦስት ገቡ። ሔልሲንኪ 2005 ላይ ሴቶቹ በ10 ሺህ ከአንድ እስከ ሦስት፣ በ5 ሺህ ከአንድ እስከ አራት ጠራርገው ወሰዱት። አቴንስ 2004 ላይ የሆነውን ደግሞ አርሲ ውስጥ የማያስታውስ ጎልማሳ የለም። ኃይሌ እግሩን ታሞ ነበር የገባው፤ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ስለሺ እየዞሩ አዩት፣ እንዲደርስባቸውም ዙሩን አቀዘቀዙለት። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ ሁለቱ ግን ወርቅና ብሩን ይዘው ቀሩ። ስለሺ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነው። የመጀመሪያው ተስፋዬ እዚህ ላይ ነው። ቡድን ሆኖ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ በእግሩ የሚያውቅ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሦስቱ ተመራጮች አዲስ አበባ ላይ በየአሠልጣኛቸው ተበታትነው ሰንብተው መነሻው መስመር ላይ እንዳይገናኙ፣ ቢያንስ ሁለት ወር አብረው እንዲሠሩ ቢደረግ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ሁለተኛው ተስፋዬ እዚሁ ደጋው ላይ ነው፤ ይህን ትንሽ ላስረዳ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በቆጂ 2,800 ገደማ። ደጋ ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይቀንስም፤ እንደ ባሕር ዳርቻው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በቆጂ ላይ ከባሕር ጠለሉ ሰባት አሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነትም ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ይህ የሳምንታትና የወራት ሥራ ነው። ውድድር የሌለበት ይህ ወቅት ዋጋ ያለውም ለዚህ ነው። ሯጩ አርፎ ሲመለስ ከፍጥነት አይጀምርም። ለረጅም ጊዜ፣ ለስለስ ባለ እርምጃ፣ ባሕር ዛፉ መካከል ይሮጣል፤ ዳገትና ቁልቁለት ይወጣል ይወርዳል። ጎተራውን የሚሞላው አሁን ነው፤ ነሐሴ ላይ የሚያወጣው ከዚሁ ነው።

ከፍታ ብቻውን ሯጭ ቢያደርግ ኖሮ የቦሊቪያ ተራሮች በወርቅ በተሞሉ ነበር። በቆጂን በቆጂ ያደረገው አስተማሪ ነው። ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኖ ሲያስተምር ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው አሠልጥኗል። እኔም አስተማሪ ነኝና ይህን ሳስብ ደረቴ ይነፋል። አንድ የገጠር ከተማ መምህር ልጆቹን ጠዋት ሜዳ ላይ ሰብስቦ የዓለምን የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ ለወጠ።

አርሲ ያፈራችው ሁሉ ግን ለእኛ አልሮጠም። የ2012 የለንደን 1,500 ሜትር ወርቅ በባሕሬን ስም የተመዘገበላት ማርያም ዩሱፍ ጀማል የአርሲ ልጅ ናት። ሲፋን ሀሰን አዳማ ተወልዳ አርሲ ሙነሳ ውስጥ ቀርሳ ላይ ያደገች ናት፤ በ15 ዓመቷ ወደ ኔዘርላንድስ ተሰደደች። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ 5 ሺህንና 10 ሺህን፣ ፓሪስ ላይ ማራቶንን ያሸነፈችው በብርቱካንማ ማልያ ነው። ፓሪስ ላይ በ3 ሰከንድ የቀደመቻት ትዕግሥት አሰፋን ነበር። በሲፋን ቅር አልሰኝም፤ የተሰደደች ልጅ የደረሰችበት ቦታ ያኮራኛል። ግን ከቀርሳ የወጣ የ10 ሺህ ወርቅ ሌላ መዝሙር ሲያዘምር ያየ ሰው የሚሰማውን ስሜት ልደብቀው አልችልም።

ዛሬ ልጆቹን የሚወስድብን በዋናነት ጎዳናው ነው። 10 ሺህ ሜትር በዳይመንድ ሊግ መደበኛ ውድድሮች ውስጥ የለም። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሮጥ ርቀት እንጀራ አይሆንም። የጎዳና ሩጫና ማራቶን ግን በየሳምንቱ በየአገሩ አለ፤ ይከፍላል። አንድ የተማሪዬ አባት ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት መጥተው «መምህር፣ ክለብ ከገባች ደመወዝ አላት ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ከሳጉሬ በኩል ናቸው፤ ማሳቸው አነስተኛ ነው። እውነት ነው አልኳቸው። ወደ ክለብ የሚገቡት ግን ጥቂት እንደሆኑ፣ ትምህርቷንም እንዳትተው ነገርኳቸው። «እሺ፣ እስከ ሰኔ ትሞክር» አሉኝ። እኒህን አባት ልጅዎ መም ላይ ትቆይ፣ ገንዘቡ ይቆይ ማለት አልችልም። ማለት ያለበት ገንዘብ ያለው ክፍል ነው። ለ10 ሺህ ሜትር ወጣቶች በዓመት ውስጥ ጥሩ ሽልማት ያላቸው ጥቂት ውድድሮች አገር ውስጥ ቢዘጋጁ ብዙ ልጆች ሁለት ሦስት ዓመት ይቆዩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውድድሩ የት ይዘጋጅ ከተባለም መልስ አለኝ። እንደ 2021ዱ ያሉ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን መምረጫ ውድድሮች ኔዘርላንድስ፣ ሔንግሎ ላይ ተካሂደዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ደጋ ላይ ሰዓት ይዘገያል፣ ሚኒማ፣ ማለትም ለመሳተፍ የሚጠየቀውን ሰዓት፣ ለማሟላት ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል። በ2021 ለተሰንበት ግደይ የ10 ሺህ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችውም እዚያው መምረጫ ውድድር ላይ ነው። ነገር ግን ቀድሞ ሚኒማ ያላቸው ልጆች ከሰው እንጂ ከሰዓት ጋር መወዳደር የለባቸውም። አሰላ አረንጓዴ ስታዲየም አለ። የወጣቶች ሻምፒዮና ሲዘጋጅበት ከተማው በሙሉ ይወጣል፤ ቆሎ የሚሸጡት አዴዎች ሳይቀሩ የዙሩን ብዛት ይቆጥራሉ። የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከል ሠልጣኞችም እዚሁ ከተማ ናቸው። ምርጡ የ10 ሺህ ሯጭ በእነዚህ ልጆች ፊት ሲሮጥ ቢያዩ ኖሮ የት መድረስ እንደሚፈልጉ ማንም ሊነግራቸው ባላስፈለገ።

በሚቀጥሉት ወራት የምከታተለው ይህ ነው። መጀመሪያ የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር፤ ማን ይህን ወቅት እንዴት እንዳሳለፈ ያሳያል። በጥር ፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አለ። ነሐሴ 2026 ላይ ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮናው ዩጂን ላይ ይካሄዳል፤ መዲና ኢሳ በ2022 እና በ2024 የ5 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈችበት ነው። እሷ አሁን ወደ ትልልቆቹ ተሻግራለች፤ ከእሷ ኋላ ማን እንዳለ የሚታየው እዚያ ነው። መስከረም 2027 ላይ የዓለም ሻምፒዮናው ቤጂንግ ይመለሳል፤ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ደርበው ያሸነፉበት፣ ገንዘቤ ዲባባም በ2015 የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችበት ከተማ።

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ቤጂንግ ላይ ማን ያሸንፋል?» ይሉኛል። ስም አልሰጣቸውም። ከ15ኛው ዙር ጀምሮ ፊት ላይ ሦስት የእኛ ማልያ እንዲያዩ፣ አንዱ ዙር 64 ሰከንድ መድረሱን በእጅ ሰዓታቸው እንዲለኩ እነግራቸዋለሁ። 64 ከሆነ፣ በመጨረሻው ዙር ከእኛ ጋር የሚደርሱ እንግዳ ሯጮች ያንሳሉ ብዬ አምናለሁ።