ስለ መጻሕፍት ማደሪያ

ማኅደር የሚለው ቃል ኀደረ ከሚለው ግስ የወጣ ነውና ማደሪያ ማለት ነው። አበው የመጽሐፍን የቆዳ ልብስ በዚህ ስም መጥራታቸው መጽሐፍም እንደ ሰው ማደሪያ የሚሻ መሆኑን ስላወቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ይህን የተማርሁት በጥፋቴ ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ርዝመቱ ሁለት ሜትር የሆነ አንድ ስስ ሳንቃ አግኝቼ፥ ሁለቱን ጫፎቹን በድንጋይ ላይ አሳርፌ መጻሕፍቴን ሁሉ ደረደርሁበት። በዝናሙ ወራት ሳንቃው እንደ ቀስት ጐብጦ አንድ ሌሊት ተሰበረ። የኔታ የሰጡኝ የብራና ዳዊትም ወድቆ የፊተኛው ገበታው ተሰነጠቀ። በዚያን ጊዜ ጥፋቱን በእንጨቱ ላይ አላከክሁ።

ነገሩ ግን የእንጨት ሳይሆን የልክ ነው። በሁለት ጫፍ ብቻ የተደገፈ ሳንቃ ርዝመቱ እጥፍ ሆኖ በመላው መጽሐፍ ቢሞላበት፥ ጕብጠቱ እጥፍ ብቻ ሳይሆን 16 እጥፍ ይሆናል። ርዝመቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግን ጕብጠቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። አንድ ሜትር መደርደሪያ የሞሉ መካከለኛ መጻሕፍት 30 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ትላልቆቹም ከዚህ ይበልጣሉ። ስለዚህ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሳንቃ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ፥ ቢቻልም ከዚያ ባነሰ ርቀት፥ ድጋፍ ማቆም ይገባል። ከፊት ጠርዙ በታች ቀጭን እንጨት በቁሙ ቢመታበትም እጅግ ያጸናዋል።

ደግሞም መጽሐፍ ሁሉ ቆሞ ጀርባውን ለሰው ያሳይ ዘንድ የተወሰነ ሕግ የለም። በኢጣልያ አገር በራቬና ከተማ፥ በጋላ ፕላኪድያ ስም በሚጠራው በ5ኛው መቶ ዓመት ሕንፃ ውስጥ፥ በኅብር ጠጠር የተሠራ ሥዕል አለ። በሥዕሉ ላይ በሮቹ የተከፈቱ ቁም ሣጥን ይታያል፤ በውስጡም አራቱ ወንጌላት በየስማቸው ተጋድመዋል። ይህ የሠዓሊ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ቢቆም ቅጠሎቹ በክብደታቸው ወደ ታች እየሳቡ ስፌቱን ያላሉታልና። ስለዚህ ትላልቁን መጽሐፍ ማጋደም፥ ትንሹን ማቆም ይሻላል፤ ለተጋደመውም ሰፊና ዝቅተኛ ስፍራ ከታች ማዘጋጀት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ማንጠልጠል ነው። ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ ያለውን የሶርያውያን ገዳም ጐብኝቶ፥ በዚያ የነበሩትን የኢትዮጵያውያን መነኮሳት የመጻሕፍት ክፍል አይቷል። በ1849 ዓ.ም. ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉም እንደ ገለጸው፥ በግድግዳው ላይ ረጃጅም የእንጨት ኩላቦች ተተክለው መጻሕፍቱ በየማኅደራቸው ማንገቻ፥ በአንዱ ኩላብ ሦስትም አራትም እየሆኑ፥ ተንጠልጥለው ነበር። እንግዳው ነገሩን እንደ ብርቅ ቈጠረው፤ ለእኛ ግን የየደብሩ ዕቃ ቤት ልማድ ነው። ጥበቡንም እናስተውል፦ አየር በዙሪያቸው ይነፍሳል፤ የመሬት እርጥበት አይደርስባቸውም፤ አይጥና ምስጥም በቀላሉ አያገኟቸውም፤ መንገደኛም ማንገቻውን በትከሻው ጥሎ ይሄዳል። ከመኖሪያ ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል ያለው ሰው ከበሩ አጠገብ አንድ ረድፍ ኩላብ ቢተክል ሳንቃ ሳይገዛ ብዙ መጻሕፍት ያኖራል። ነገር ግን የወረቀት መጽሐፍ በገመድ ታስሮ አይንጠልጠል፤ ከወፍራም ጨርቅ ማኅደር ይሰፋለት።

ቤቱን ዘወትር ለሚለውጥ ሰው ደግሞ የቶማስ ጄፈርሰን ዘዴ ይጠቅመዋል። እርሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከነበረ በኋላ በ1815 ዓ.ም. 6,487 መጻሕፍቱን ለአገሩ ምክር ቤት ሸጠ። መደርደሪያዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ የጥድ ሣጥኖች ስለ ነበሩ፥ ፊታቸው በሳንቃ ተመትቶ መጻሕፍቱ ከነማደሪያቸው በ10 ጋሪ ተጫኑ። እንደ እኛ በሰው አገር ለሚማር እንዲህ ያለ ሣጥን መደርደሪያም ጓዝም ይሆናል።

በዚህ አገር በጥንታውያን የድንጋይ ቤቶች ከግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተፈለፈለ መስኮት መሰል ስፍራ ይገኛል። ሁለት ሳንቃ ቢገባበት ያማረ የመጻሕፍት ማደሪያ ይሆናል፤ የቤቱንም ወለል አያጣብብም። ነገር ግን ግድግዳው ወደ ውጭ የሚመለከት ከሆነ በክረምት ያልበዋል፤ ብራናውም ይጨማደዳል፤ ወረቀቱም ይሻግታል። እንዲህ ያለውን ለጽዋና ለመብራት መተው ይሻላል። በውጭ ግድግዳ አጠገብ የሚቆም መደርደሪያም ከድንጋዩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። የመስታወት በር አቧራን ይከለክላልና መልካም ነው፤ ቢሆንም አልፎ አልፎ ካልተከፈተ እርጥበቱን ከውስጥ ያስቀራል። መጻሕፍትን በቀለማቸው የሚደረድሩም አሉ፤ ለዓይን ደስ ይላል፥ ግን ፈላጊው ስሙን ትቶ «ያንን ቀዩን» ማለት ይጀምራል።

የእኔ ዳዊት ገበታው በክር ተሰፍቶ ተጠግኗል፤ አሁን በማኅደሩ ሆኖ ከአልጋዬ ራስጌ ባለው ኩላብ ላይ ነው። ከተሰበረውም ሳንቃ ሁለት አጫጭር መደርደሪያዎች ወጥተዋል፤ እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ እስከ ዛሬም አልጐበጡም።