ሕመምተኛ ሳይታይ ቫይረሱን ማግኘት፦ የፍሳሽ ምርመራና የፖሊዮ ቅኝት

የፖሊዮ ቫይረስ ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ዓይነት ምልክት አያሳዩም፤ ለዘለቄታው ሽባ የሚሆነው ከ200 አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ምልክት የሌለውም ሰው ቫይረሱን ለሳምንታት ከዓይነ ምድሩ ጋር ያስወጣል። በመሆኑም ልምሻ እስኪታይ የሚጠብቅ ቅኝት የመጀመሪያውን ሕፃን ሲያገኝ ቫይረሱ በማኅበረሰቡ ውስጥ ብዙ ተሠራጭቶ ይቆያል።

ለዚህ የእስራኤል ተሞክሮ ጥሩ ማስረጃ ነው። አገሪቱ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርፌ የሚሰጠውን የሞተ ቫይረስ ክትባት ብቻ ትጠቀም ነበር፤ ሽፋኑም ከ90 በመቶ በላይ ነበር። ሆኖም በሜይ 2013 በደቡብ ከምትገኘው የራሃት ከተማ ፍሳሽ ዓይነት 1 የዱር ፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። ቀደም ብለው የተቀመጡ ናሙናዎች እንደገና ሲመረመሩ ቫይረሱ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እንደነበረ ታወቀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው በልምሻ አልተያዘም። የመርፌው ክትባት በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን አመንጭቶ ነርቭን ይጠብቃል፤ ለአንጀት የሚሰጠው መከላከያ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ የተከተበ ሕፃን ራሱ ጤናማ ሆኖ ሳለ ለሌሎች ሊያስተላልፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥርጭት ንቁ የሆነ ሐኪም እንኳ በክሊኒክ ተቀምጦ ሊያየው አይችልም። በኦገስት 2013 ለሕፃናት በአፍ የሚሰጠው ክትባት በዘመቻ ታደለ፤ በ2014ም ቫይረሱ ከፍሳሹ ጠፋ።

ናሙናው 1 ሊትር ያህል ሆኖ ፍሳሹ ከመጣራቱ በፊት፣ ፍሰቱ በሚበረታበት የጠዋት ሰዓት ይቀዳል፤ በቅዝቃዜ ተጠብቆም ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በዚያ ከተጠናከረ በኋላ አር ዲ እና ኤል 20 ቢ በተባሉ ሕዋሳት ላይ ይዘራል። የተገኘው ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተልም ይነበባል። የራሃቱ ቫይረስ በዲሴምበር 2012 በካይሮ ፍሳሽ ከተገኘው ጋር ዝምድና እንዳለው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ውጤቱ አካባቢውን እንጂ ሰውየውን አይጠቁምም፤ ቫይረሱ በናሙናው አለመገኘቱም በሕዝቡ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ በጉድጓድ መፀዳጃ በሚገለገልበት ወይም ሕዝቡ ተበታትኖ በሚኖርበት ሥፍራ ደግሞ የሚቀዳ የጋራ ፍሳሽ ራሱ የለም። በዚያው በ2013 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የተነሣው የዱር ፖሊዮ ወረርሽኝ የታወቀው በፍሳሽ ሳይሆን ሽባ በሆኑ ሕመምተኞች ነበር፤ እስከ ጃንዋሪ 2014 ቁጥራቸው 10 ደርሷል። በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ ቅኝቱ የሚመሠረተው በጤና ባለሙያው ላይ ነው፦ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ሆኖ እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ ሲገኝ ወዲያውኑ ሪፖርት ይደረጋል፤ ዝለቱ በጀመረ በ14 ቀናት ውስጥም ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የዓይነ ምድር ናሙናዎች ተወስደው በበረዶ ሣጥን ይላካሉ።