ኮምፒዩተሩ «ጆሮ ዳባ ልበስ» ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ከንፈር ወዳጅ ወይም ስለ ቅናት አይደለም። ስለ ካሴት ነው። «ኧረ ካሴትማ ድሮ ቀረ!» የምትሉኝ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ለማንኛውም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወይም ከአልጋው ሥር ያለችውን አቧራ የጠጣች ካርቶን ክፈቷት። ከድሮ ደብተርና ከተበጠሰ ጫማ ጋር ሁለት ሦስት ካሴት አታጡም።

ታዲያ ሁሉም ዘፈን እንዳይመስላችሁ! ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቃት ይህች ትንሽ ፕላስቲክ በኛ አገር ያልገባችበት ጉዳይ የለም። ስልክ መደወል የሀብታም ነገር በነበረበት ዘመን ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ሮምና ዋሽንግተን የነበሩ ወገኖቻችን ድምፃቸውን ቀድተው በመንገደኛ እጅ ይልኩ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ «ደብዳቤ አንብቡልኝ» ብላ ጎረቤት ሳትለምን የልጇን ናፍቆት ከራሷ ከልጇ አንደበት ትሰማ ነበር። የአያት ተረት፣ የአጎት ፉከራ፣ የሠርግ ሆታ ያለው እዚያች ካርቶን ውስጥ ነው።

ችግሩ ምንድነው? ካሴት ዕድሜ አለው። ድምፁን የያዘው በቀጭኑ ቡናማ ጥብጣብ ላይ የተለቀለቀው የማግኔት ዱቄት ነው። እርጥበት ያሻግተዋል፣ ሙቀት ያጣብቀዋል፣ ዘመን ያራግፈዋል። ማጫወቻው ቴፕም ቢሆን እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ያለው መላ አንድ ነው፤ ቴፑን ከኮምፒዩተር አገናኝቶ መቅዳት። ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ቴፑ ይናገራል፣ ኮምፒዩተሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል!

ሦስት ቀን የቀረው ሠርግ

አንዲት የሰፈራችን ልጅ ናት። እናቷ በ1985 ዓ.ም. ጅዳ ሆና ለቤተሰቡ አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ልካ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ እናት እዚያው አረፈች። ያኔ ሕፃን የነበረው ወንድሟ የእናቱን ድምፅ አያስታውሰውም። አባት ካሴቷን በነጠላ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ቆልፎባት ኖሯል። እነሆ ያ ሕፃን ጎልምሶ ሊዳር ሦስት ቀን ሲቀረው እህት አንድ ሐሳብ መጣላት፤ «በሠርጉ ቀን እማዬ ራሷ ትመርቀው!»

ወንድም ግን አልተስማማም። «እትዬ፣ አትነካኪው። ጥብጣቡ ቢበጠስ ምን ይዋጠን? ካልጠፋ ነገር አንድ ያለችንን?» አላት። ተቀያየሙ። እሷ ላፕቶፗን፣ የድሮ ቴፕና ከመርካቶ የተገዛ ገመድ ይዛ ቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ ዘፈን ባለበት ካሴት ሞክሬዋለሁ፤ የሚቀዳልኝ ጩኸት ብቻ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ይህች ልጅ ካደረገችው ሁሉ ብልሁ ነገር የእናቷን ካሴት ሳትነካ በሌላ መሞከሯ ነው። ወንድሟም ቢሆን ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር አደረግን። ካሴቱን ከላይ በኩል ስታዩት ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉ። እነሱ ከተሰበሩ ሰው በስሕተት የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫንም ቴፑ እምቢ ይላል። የእናትየውን ካሴት ሁለቱንም ሰበርናቸውና ወደ ጎን አስቀመጥነው።

በሽታው የት ነው?

ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መርፌ አይወጋም። እኛም ዝም ብለን ሴቲንግ ከመነካካት ከቴፑ ጀምረን ወደ ኮምፒዩተሩ አንድ በአንድ ሄድን።

መጀመሪያ ቴፑ። ኢርፎን ሰክተን የሙከራውን ካሴት አደመጥን። ድምፁ የታፈነ ነበር። የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ጥብጣቡ የሚነካትን የምታብረቀርቅ ብረት፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ ጠረግናት። ጥጡ እንደ ቡና አተላ ሆኖ ወጣ! እስኪደርቅ ጠብቀን ስናጫውተው ድምፁ ጠራ። (ሽቶና አረቄ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ አደራ!) ድምፁ የሚጎተትና የሚወፍር ከሆነም ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ባትሪውን ቀይሩት።

ሁለተኛ ኮምፒዩተሩ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መቅዳት ጀመርንና ላፕቶፑን በጥፍሬ ቧጨር ቧጨር አደረግሁት። መስመሩ ዘለለ! ምን ማለት ነው? ኮምፒዩተሩ የሚሰማው በገመዱ የሚመጣውን ሳይሆን በራሱ ማይክ የክፍሉን ድምፅ ነው። የቀዳነውን መልሰን ስናዳምጠው የጎረቤት ቡና ወቀጣ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የካሴቱ ዘፈን ግን የለም። እናንተም እንዲህ ሲገጥማችሁ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብታችሁ የሚቀዳበትን መግቢያ ምረጡ። ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቬሲ» የሚለው ጋ ግቡና ማይክሮፎን መጠቀም መፈቀዱን እዩ። እሱ ተዘግቶ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ብትሰኩ ብትነቅሉ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሦስተኛ ገመዱ። የብዙ ላፕቶፖች ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ ለኢርፎንም ለማይክም። የገመዳችሁን ጫፍ እዩና ጥቁር ቀለበቶቹን ቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ ተራ የኢርፎን ገመድ ነው፤ ኮምፒዩተሩም «ኢርፎን ተሰካልኝ» ብሎ ድምፅ ይልክበታል እንጂ አይቀበልበትም። ማይክ ያለው ኢርፎን ሦስት ቀለበት አለው። የልጅቷ ገመድ ባለ ሁለት ነበር። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ አስገዛኋት። ሳውንድ ካርድ ማለት የኮምፒዩተር ጆሮና አፍ ነው፤ የሚገባለትን ድምፅ፣ ለምሳሌ በሲዲ ጥራት፣ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ ከኋላ ያሉትን ቀለማት እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ሮዙ ለማይክ፣ አረንጓዴው ለስፒከር፣ ሰማያዊው «ላይን ኢን» ነው። የቴፕ ቦታው ሰማያዊው ነው።

ጩኸቱስ?

የዩኤስቢዋ ካርድ መጣች፤ የማይክ መግቢያ ብቻ ነበራት። ስንሰካው ዘፋኙ እንደ ተቀደደ ከበሮ አንባረቀብን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማይክ የሚልከው በሺህ የሚከፈል የቮልት ቁራጭ ነው። የቴፕ መውጫ ግን የአንድ ቮልት ሲሶ ያህል ሊልክ ይችላል። ለሕፃን በጭልፋ እንደማጉረስ ቁጠሩት! መፍትሔው የቴፑን ድምፅ በጣም መቀነስና ኮምፒዩተሩ ላይ «ማይክ ቡስት» የሚለውን ዜሮ ማድረግ ነው። ኦዳሲቲ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከ0 በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ ይበቃል። 0ን ከነካ ድምፁ ይቆረጣል። የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ በኋላ ቢቀነስም አይድንም። ትንሽ አንሶ የተቀዳ ግን በኋላ ከፍ ይደረጋል። እንግዲህ ከሁለቱ ማነስ ይሻላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለችው የማይክ መግቢያ ብዙ ጊዜ የምትቀዳው በአንድ ጆሮ ነው። ለንግግር ምንም አይልም። ዘፈን ለመቅዳት ግን «ላይን ኢን» ያለው ካርድ ፈልጉ።

ቀጥሎ ደግሞ እንደ ንብ ቀፎ «ዥዥዥ» የሚል ነገር ከሥር ቀረ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩት። ጸጥ! ቴፑና ላፕቶፑ ሁለቱም ከግድግዳ ሶኬት ሲሰኩ የኤሌክትሪኩ ጉርምርምታ በገመዱ በኩል ይዞራል። ላፕቶፑን በባትሪ መሥራት ሁለት ጥቅም አለው፤ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ መብራት ቢጠፋም ኮምፒዩተሩ ድንገት አይዘጋም።

የመጨረሻው በሽታ ተንኮለኛ ነው። ድምፁ ይመጣል፣ ዝግ ሲል ግን እልም ይላል። ዘፋኙ ጮክ ሲል አለ፣ ሲያንጎራጉር የለም። ይኼ የካሴት ችግር አይደለም። ኮምፒዩተሩ ለስብሰባና ለስልክ ንግግር ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ አለው፤ ዝግ ያለውን ሁሉ «የማይፈለግ ጫጫታ ነው» ብሎ ይውጠዋል። ዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ኢንሃንስመንትስ» የሚለውን አጥፉት። የእናት ሹክሹክታ ጫጫታ አይደለም!

ሁለተኛው ገጽ

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው የእናትየው ካሴት ቴፕ ውስጥ የገባው። መጀመሪያ እስከ ጫፍ አጠንጥነን መለስነው፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ጥብጣብ እንዲላቀቅ። ከዚያ «ፕሌይ»። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔም ወደ መስኮት ዞር አልኩ። «አንተ ትንሹ፣ ጥርስህ ወጣ ወይ?» ትላለች እናትየው።

የመጀመሪያው ገጽ እንዳለቀ አባትየው ስልክ ደወለ። «ልጄ፣ የፊተኛውን ገጽ ስሙት። የኋለኛው ግን ለእኔ ብቻ የተነገረ ነው» አላት። ምን ይደረጋል? ካልተቀዳ ሊጠፋ ነው፤ ከተሰማ ደግሞ የሰው ምስጢር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ። ኮምፒዩተር ለመቅዳት ድምፁ መሰማት የለበትም። ገመዱ የቴፑ ኢርፎን መውጫ ላይ ሲሰካ የቴፑ ስፒከር ብዙውን ጊዜ ራሱ ይዘጋል፤ የላፕቶፑንም ድምፅ ዘጋነው። ልጅቷ 30 ደቂቃ ሙሉ የእናቷ ድምፅ በመስመር መልክ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይኗ ብቻ እያየች ቀዳችው። አንዲት ቃል አልሰማችም። በማግስቱ ለብቻው በፍላሽ አድርጋ ለአባቷ ሰጠችው። በሠርጉ ቀን ደግሞ ወንድምየው ከፊተኛው ገጽ የተወሰደውን ምርቃት ቆሞ ሰማ። «አትነካኪው» ያላትን እህቱን አቅፎ ምን እንዳላት እኔ አልሰማሁም፤ ልስማም አላልኩም።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ምክሬ እዚህ ላይ ነው። አሁን አሁን ሁሉን ነገር ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ልማድ ሆኗል። የቤተሰብ ካሴት ስትቀዱ በመጀመሪያ «ይህ ለማን የተነገረ ነው?» በሉ። በሕይወት ያለውን ጠይቁ። የሞተ ሰው «ተዉልኝ» ብሎ ሊከራከር አይችልም።

ከቀዳችሁ በኋላ

ዋናውን ቅጂ በ«ዌቭ» ፋይል አስቀምጡ። በሲዲ ጥራት በሁለት ጆሮ ከተቀዳ አንድ ሰዓት ከ600 ሜጋባይት በላይ ስለሚወስድ ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። ለስልክ የሚሆነውን በ«ኤምፒ3» ለብቻ አውጡ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ይሁን። አንዱን ቅጂ ኮምፒዩተር ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ሌላ ሰፈር ያለ ዘመድ ቤት አኑሩ። ፋይሉ ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። «አዲስ 1» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ልጆቻችሁ ማን እንደሆነ አያውቁትም።

ካሴቱንስ? እንዳትጥሉት! ከስፒከርና ከማግኔት አርቃችሁ፣ ደረቅ ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡት። ፋይሉ ቢጠፋ መመለሻው እሱ ነው።

ካርቶኗን ለማውረድ ቅዳሜን አትጠብቁ። እስከዚያው ቸር ያሰማን!