የደም ስኳር፦ 7 ወይስ 126? አንድ ደም፣ ሁለት ቁጥር

ለንደን የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ የደም ስኳር መለኪያ ላከላቸው እንበል። እናት ቁርስ ሳይቀምሱ ጣታቸውን ወግተው ሲለኩ መሣሪያው 7 አለ። የለመዱት ግን እንደ 126 ያሉ ቁጥሮችን ነው። ይደነግጡ ይሆናል፤ መሣሪያው ግን አልተሳሳተም።

በኢትዮጵያና በአሜሪካ የተለመደው በአንድ ዴሲሊትር፣ ማለትም በሊትር አንድ አሥረኛ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር በሚሊግራም መግለጽ ነው። በብሪታንያ፣ በካናዳና በስዊድን ደግሞ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው በሚሊሞል ይገለጻል። አንዱ ይመዝናል፤ ሌላው ይቈጥራል።

ሞል የብዛት ስም ነው። ደርዘን 12 እንደ ሆነ ሁሉ፣ አንድ ሞል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት ነው። ይህ ቁጥር በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት በቋሚነት የተደነገገው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 ጀምሮ ነው። ሞለኪውልን አንድ በአንድ መቍጠር ስለማይቻል፣ ኬሚስቶች የሚቈጥሩት በሚዛን ነው። ለዚህም የአንድ ሞል ክብደት መታወቅ አለበት።

የግሉኮስ ሞለኪውል 6 የካርቦን፣ 12 የሃይድሮጂንና 6 የኦክስጂን አቶሞች አሉት። የካርቦን አቶማዊ ክብደት 12፣ የሃይድሮጂን 1፣ የኦክስጂን 16 ነው። ስለዚህ 72፣ 12 እና 96 ሲደመሩ 180 ይሆናሉ፤ አንድ ሞል ግሉኮስ 180 ግራም ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ክብደትን ወደ ሞል ለመለወጥ ለ180 ማካፈል፣ ሞልን ወደ ክብደት ለመመለስ በ180 ማባዛት ነው።

በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ማለት በሊትር 1,260 ሚሊግራም ነው። ይህ ለ180 ሲካፈል 7 ሚሊሞል ይሰጣል። ዴሲሊትር የሊትር አንድ አሥረኛ በመሆኑ፣ በአቋራጭ በ18 ማባዛት ወይም ለ18 ማካፈል ይበቃል። በጾም የሚለካ የደም ስኳር የስኳር በሽታን የሚያመለክትበት ወሰንም ይኸው 7፣ ወይም 126 ነው።

ስሕተቱ አደጋ የሚያስከትልበት ጊዜ አለ። በሚሊሞል 15 ያነበበ መሣሪያ በሚሊግራም 270፣ ማለትም ከፍተኛ ስኳር ማሳየቱ ነው። 15ቱን በሚሊግራም የተረዳ ቤተሰብ ግን ስኳሩ እጅግ ወርዷል ብሎ ለታማሚው ጣፋጭ ሊሰጥ ይችላል።

18 የሚያገለግለውም ለግሉኮስ ብቻ ነው። የኮሌስትሮል ሞለኪውል ከባድ በመሆኑ ማባዣው ወደ 38.7 ይደርሳል። ስለዚህ ውጤት በስልክ ሲነገር ከቁጥሩ ጋር መለኪያውም አብሮ ይነገር።