በትንሿ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ዲኮደር ስለ ማስገባት



የባቡር አምሳያ እየሠራ በቤቱ ውስጥ የሚያስኬድን ሰው ያየ ሁሉ ነገሩን የልጅ መጫወቻ አድርጎ ይቈጥረው ይሆናል። ይሁን እንጂ በጀርመን፥ በእንግሊዝ፥ በአሜሪካና በጃፓን ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከቢሮ መልስ ያለውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ረቂቅ የእጅ ሥራ ነው። ከአምሳያዎቹም መካከል ዛሬ የምንነጋገርበት «ኤን» በመባል የሚታወቀው መጠን ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፥ ስሙም የመጣው ዘጠኝ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም በፈረንሳይኛም በዚያው ፊደል ስለሚጀምር ነው። በኑርንበርግ የሚገኘው የአርኖልድ ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለገበያ ያቀረበው ይህ መጠን እውነተኛውን ባቡር 160 ጊዜ ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ 20 ሜትር የምትረዝም ሎኮሞቲቭ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች። ታዲያ በዚህች ጠባብ አካል ውስጥ ሞተር፥ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች፥ መብራትና ክብደት የሚሰጥ ብረት ገብቶ ካበቃ በኋላ፥ ሌላ ዕቃ ለመጨመር የሚነሣ ሰው ምን ያገኛል? ምንስ ያጠፋል?

በቀድሞው ዘዴ ሞተሯን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ከሐዲዱ የሚመጣ ነው። ነጂው ኀይሉን ከባዶ እስከ 12 ቮልት ከፍ ዝቅ ባደረገ መጠን ሎኮሞቲቯ ትፈጥናለች ወይም ትዘገያለች። ችግሩ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሲሆኑ ነው፤ አንዲቱ ስትነሣ ሌላይቱም አብራ ትነሣለች። አንዲቱን ለማቆም ሐዲዱን ቈራርጦ በየክፍሉ ማብሪያ ማጥፊያ ማቆም ግድ ነበር።

በአዲሱ ዘዴ ግን በሐዲዱ ላይ ያለው ኀይል ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ትእዛዙም በዚያው ኀይል ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ በየቅጽበቱ አቅጣጫውን ሲለዋውጥ፥ 58 ማይክሮ ሴኮንድ የሚቆየው ለውጥ «አንድ»፥ 100 ማይክሮ ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚቆየው «ዜሮ» ተብሎ ይነበባል። እያንዳንዷ ሎኮሞቲቭ ቍጥር አላት፤ በሆዷም ውስጥ ትእዛዙን ፈትቶ የሚያነብ ዲኮደር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ይቀመጣል። ከመዝገብ ቤት የወጣ ደብዳቤ በተላላኪ እጅ በየክፍሉ ደጃፍ ሲያልፍ የሚከፍተው አድራሻው የተጻፈለት ክፍል ብቻ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ዲኮደሩም የራሱን ቍጥር ሲሰማ ብቻ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል። የዚህ ዘዴ መሠረት የተጣለው በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀርመኑ የሌንዝ ኩባንያ ሲሆን፥ የአሜሪካ የባቡር አምሳያ ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር በ1990ዎቹ ደንብ አድርጎ ስላጸደቀው የአንዱ ፋብሪካ ዲኮደር ከሌላው ፋብሪካ መቈጣጠሪያ ጋር ይግባባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዲኮደር የሚያስገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ ሞተሩ ከሐዲዱ ጋር የነበረው ዝምድና ፈጽሞ መቋረጥ እንዳለበት ነው። ኤሌክትሪኩ ከመንኰራኵሩ ወደ ዲኮደሩ፥ ከዲኮደሩም ወደ ሞተሩ ይሄዳል እንጂ ሌላ መንገድ ሊኖረው አይገባም። በብዙዎቹ የኤን ሎኮሞቲቮች ሻሲው ለሁለት የተከፈለ ብረት ነው፤ ቀኙ ወገን ከቀኙ ሐዲድ፥ ግራው ወገን ከግራው ሐዲድ ኤሌክትሪክ ይቀበላል። የሞተሩም ሁለት ካርቦኖች ኤሌክትሪኩን የሚያገኙት ይህን ብረት በሚነኩ ሁለት የመዳብ ምላሶች አማካይነት ነው። አንዱ ምላስ እንኳ ብረቱን እንደ ነካ ከቀረ፥ የሐዲዱ ኀይል በማይገባበት በር ገብቶ ዲኮደሩን በቅጽበት ያቃጥለዋል። ስለዚህ ምላሶቹን ከብረቱ አርቆ ማጠፍ፥ በሞተሩና በብረቱ መካከል ካፕተን የተባለውን ሙቀት የሚችል ቢጫ ናስትሮ ማልበስ፥ ከዚያም በቴስተር መለካት ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በካርቦኑ፥ ሌላውን በሻሲው ላይ አድርጎ አራቱንም መንገድ መሞከር ይገባል፤ በአንዱ እንኳ ቢጮህ ሥራው አላለቀም። ብዙ ሰው የሚቸኵለው እዚህ ላይ ነው።

የሽቦዎቹ ቀለም በደንብ የተወሰነ ነው። ቀዩ ከቀኙ ሐዲድ፥ ጥቍሩ ከግራው ይቀበላል፤ ብርቱካንማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ፤ ነጩ ለፊት መብራት፥ ቢጫው ለኋላ መብራት፥ ሰማያዊው ለሁለቱ የጋራ ነው። በእርሳስ ሲበየዱ ካውያው ብዙ መቆየት የለበትም፤ የካርቦኑ መያዣ ፕላስቲክ ይቀልጣልና።

ከዚህ የሚብሰው የቦታ ጥበት ነው። ሻሲው ቀፎውን ሞልቶ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንኰራኵሮቹ ሐዲዱን ቈንጥጠው ፉርጎ እንዲጐትቱ የሚያስችላቸው ክብደቱ ነው። ለዲኮደር ቦታ ለማግኘት ብረቱን የሚሞርድ ሰው የመጐተት ኀይሏንም አብሮ ይሞርዳል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሎኮሞቲቮች ከፋብሪካ ሲወጡ ባለ 6 ወይም ባለ 18 እግር ሶኬት ስላላቸው ዲኮደሩን መሰካት ብቻ ይበቃል። መለዋወጫቸው መሠራት ያቆመውን የቀድሞ ሎኮሞቲቮች በሚመለከት ግን አስተያየቴ የተለየ ነው፤ አንዴ የተሞረደ ብረት አይመለስምና፥ ከአባት የተወረሰች ሎኮሞቲቭ በቀድሞው ዘዴ ብትሄድ ይሻላል። በዚህ የማይስማሙ ሠሪዎችም አሉ።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ፥ ቀፎው ሳይከደን፥ ሎኮሞቲቯ የምትወጣው ቍጥሯ በሚጻፍበት በልዩ ሐዲድ ላይ ነው። በዚህ ሐዲድ የሚለቀቀው ኤሌክትሪክ ደካማ ስለ ሆነ ስሕተት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። አዲስ ዲኮደር አብዛኛውን ጊዜ ቍጥር 3 ተሰጥቶት ይመጣል፤ መቈጣጠሪያው ይህን ካነበበ አዲሱ ቍጥር ይጻፋል፤ ካላነበበ ተፈትቶ እንደገና ይለካል። ወደ ፊት ስትታዘዝ ወደ ኋላ ከሄደች ብርቱካንማውና ግራጫው ሽቦ ይለዋወጣሉ። የመጨረሻው አደጋ ቀፎው ሲከደን ነው፤ ሽቦ በቀፎውና በብረቱ መካከል ተቈንጥጦ ልባሱ ቢላጥ፥ በጠረጴዛ ላይ ደኅና ስትሠራ የነበረች ሎኮሞቲቭ በመጀመሪያው ኵርባ ላይ ልትቆም ትችላለች። ስለዚህ ብሎኑ በካቻቢቴ ከመጥበቁ በፊት ሽቦዎቹ በዚያው ናስትሮ ይያዛሉ፥ ቴስተሩም አንድ ጊዜ እንደገና ይነሣል።